የፕራይሜቶችን (ሰው፣ ጎሪላ፣ ጦጣ፣ ሌሙርና የመሳሰሉት የሚገኙበትን ወገን) ዓይን ለማጥናት ለተነሳችሁ ወጣቶች

ትልቅ ዓይን ስታዩ «ይህ የሌሊት እንስሳ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። የጎሪላ ዓይን ከታርሲየር (በሌሊት የምትንቀሳቀስ ትንሽ የእስያ ፕራይሜት) ዓይን ይበልጣል፤ ጎሪላ ግን ሌሊቱን ተኝቶ ነው የሚያድረው። ግዙፍ ሰውነት ዓይኑንም ያተልቀዋል።

ስለዚህ ሁለት ልኬት ውሰዱ፦ የኮርኒያውን (ከዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ስፋትና የዓይን ኳሱን ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ርዝመት። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። የሰው ኮርኒያ 12፣ ዓይኑ 24 ሚሊሜትር ገደማ ነውና ግማሽ ይመጣል። በሌሊት ኗሪዎቹ ኮርኒያው ከዚህ ሰፋ ይላል፤ የብርሃን መግቢያው እሱ ነው።

ታርሲየርንና ሎሪስን (ሌላ ትንሽ ፕራይሜት) ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም የሌሊት ናቸው። የሎሪስ ዓይን ባትሪ ሲበራበት ያብለጨልጫል፤ ከሬቲናው (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን፣ ታፒተም፣ ያመለጠውን ብርሃን መልሶ ይሰጠዋል። ታርሲየር ይህ የለውም። ይልቁንም እንደ ሰው ፎቪያ (በሬቲናው ላይ ጥርት አድርጎ የሚያይ ትንሽ ስርጉድ) አለው፤ ለሌሊት እንስሳ እንግዳ ነገር ነው። አሳማኙ ማብራሪያ ቅድመ አያቶቹ በቀን ሲኖሩ ታፒተሙን አጥተው ነበር የሚለው ነው፦ ወደ ሌሊት ሲመለሱ ታፒተሙ አልተመለሰም፣ ዓይኑ ግን ገዘፈ። ዲያሜትሩ 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ብቻውን የአንጎሉን ያህላል። በጉድጓዱ ውስጥ እምብዛም ስለማይዞር እንስሳው አንገቱን ወደ ኋላ ያዞራል።

አሁን ወደ ናሙናው። ዓይኑ ከመውጣቱ በፊት በላይ በኩል በክር ምልክት አድርጉበት፤ ፎቪያው ከኦፕቲክ ነርቩ (ከዓይን ወደ አንጎል ከሚሄደው) በጆሮ በኩል ስለሆነ አቅጣጫው ከጠፋባችሁ ፍለጋው አበሳ ነው። ስቡንና ጡንቻውን ከላዩ አጽዱ፣ ነርቩን ጥቂት ሚሊሜትር አስቀሩለት። ልኬቱን ዓይኑ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጨርሱ፣ ግን አትዘግዩ፦ ሬቲና ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፣ ፎርማሊንም በዓይኑ ወፍራም ነጭ ግድግዳ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

ሬቲናው ተላቆ ብታገኙት ወዲያው በሽታ ነው አትበሉ። በማይክሮስኮፕ ሥሩን እዩ። የተጠራቀመ ፈሳሽ ከሌለና በብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ ጫፍ ላይ ጥቁር ቀለም ተጣብቆ ከመጣ፣ ያላቀቀው የእናንተው አዘገጃጀት ነው።

የራስ ቅል ብቻ በእጃችሁ ከሆነ የዓይን ጉድጓዱን ጀርባ ተመልከቱ። በሌሙርና በሎሪስ ከጎን አንድ የአጥንት ዘንግ ብቻ ታገኛላችሁ፤ በጦጣዎች፣ በጎሪላና በሰው ሙሉ ግድግዳ ነው፤ በታርሲየር በከፊል ተዘግቷል። የዓይን መጠን ከጉድጓዱ ማውጣት ግን በትልልቆቹ ዝርያዎች ላይ ያሳስታል፣ ከዓይኑ ዙሪያ ብዙ ቦታ አለና። እንዲህ ያገኛችሁትን ቁጥር ስትጽፉ አጠገቡ «ግምት» በሉበት።