የሠራሁትን ፊቸር ለምን እምቢ አሉኝ?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ነገር ላይ ገጠሙ። በፈቃደኞች የሚሠራ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ውስጥ «ይህ ፊቸር (አዲስ አገልግሎት) ይግባ፣ አይግባ» የሚል ጭቅጭቅ። አንዱ የተከለከለ፣ አንዷ ከልካይ፣ አንዱ ደግሞ ዳር ቆሞ የሚያይ። እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ እኛ ግን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በትርፍ ጊዜዬ ለአንድ ኦፕን ሶርስ የማስታወሻ መያዣ ፕሮግራም ኮድ አዋጣለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየተቀመጥኩ፣ የተጻፈውን በየደቂቃው ራሱ ሴቭ የሚያደርግ ፊቸር ሠራሁ። ፈተሽኩት፣ ይሠራል። ፑል ሪኩዌስት ከፈትኩ፣ ማለትም ኮዴን ተቀበሉኝ ብዬ አቀረብኩ። ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። አንዱ «ሰው ሳያውቅ ፋይሉ መለወጥ የለበትም» ይላል፣ ሌላው «ሴቲንግ ውስጥ ይግባና የፈለገ ያብራው» ይላል፣ ፕሮጀክቱን የሚመራው ሰውዬ ደግሞ ሁለት ወር ዝም ካለ በኋላ «እናመሰግናለን፣ ግን አይሆንም» ብሎ ዘጋው። ያ ሁሉ ሰው የተከራከረበትን በአንድ መስመር! ተጠቃሚ እየጠየቀ፣ ኮዱ ተጽፎ ቀርቦ፣ ያውም በነፃ፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ፎርክ ላድርገውና፣ ማለትም ኮዱን ገልብጬ ልገንጠልና፣ የራሴን ልጀምር እያልኩ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?
(ኮዱ ተንጠልጥሎ የቀረ)

መልስ፦ መጀመሪያ አንተን ልቆጣ፣ ሰውዬው ይቆየን።

«ያውም በነፃ» ያልከው ላይ ነው የሳትከው። መውለድ ሌላ፣ ማሳደግ ሌላ። ያንተ ሦስት ሳምንት የመውለዱ ነው። ከዚያ በኋላ ዲስክ ሞልቶ ሴቭ አልሆን ሲል፣ አንድ ሰው ያንኑ ማስታወሻ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አንዱ የሌላውን ሲያጠፋበት፣ ሌላው ደግሞ ለማንበብ ብቻ የከፈተውን ፋይል ድመቷ ኪቦርዱ ላይ ተራምዳ ስታበላሽበትና ፕሮግራሙ ያንን ብልሽት በታማኝነት ሴቭ ሲያደርግለት፣ ስሞታው የሚመጣው እነሱ ዘንድ ነው። አንተ በዚያን ጊዜ ሥራ ቀይረህ ወይ ልጅ ወልደህ ሊሆን ይችላል። አልፈርድብህም፣ ደመወዝ የለህም። እነሱም የላቸውም፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። አንተ ስለ ፊቸሩ ስትከራከር እነሱ የሚከራከሩት ከፊቸሩ በኋላ ስለሚመጡት ዓመታት ነው፣ ለዚህ ነው የማትደማመጡት።

ደግሞ «አይ» ያሉት ነገር ነገ «እሺ» ሊሆን ይችላል፣ «እሺ» ያሉትን ግን ነገ «አይ» ማለት መከራ ነው። ፒጂን የሚባለውን የቻት ፕሮግራም ታውቀው ይሆናል። በፈረንጆቹ 2008 አዘጋጆቹ የጽሑፍ መጻፊያዋን ሳጥን በማውስ ጎትቶ ማስፋት እንዳይቻል አደረጉና ሳጥኗ እንደ ጽሑፉ ልክ ራሷ እንድታድግ አደረጓት። በቃ፣ ይኼው ነው። አንድ ሳጥን! ተጠቃሚው ጮኸ፣ አዘጋጆቹ ፍንክች አንልም አሉ፣ ነገሩ ከርሮ ፈንፒጂን የሚባል ፎርክ ወጣ፣ በኋላም ስሙን ካሪየር ብሎ ቀየረ። ሰው የለመደውን ነገር መንካት እንዲህ ነው፣ ስለዚህ በር ላይ የቆመ ሰው ቢጠነቀቅ አይገርምም።

አሁን ወደ ሰውዬው። ሁለት ወር ዝም ብሎ በአንድ መስመር መዝጋት ነውር ነው። እምቢ የማለት መብት አለው፣ ምክንያቱን የመጻፍ ግዴታም አለበት። ይህን ያህል ሌሊት ያፈሰሰ ሰው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ስለዚህ ሂድና በትሕትና ጠይቀው። አይሆንም ያልከው ነገሩን ጭራሽ ስለማትፈልገው ነው? ትፈልገዋለህ ግን አሠራሩ አልጣመህም? ወይስ ኋላ የሚንከባከበው ሰው ስለሌለ? ሦስቱ መልሶች መንገዳቸው ለየቅል ነው። ሦስተኛው ከሆነ «የሚቀጥሉትን ሁለት ቨርዥኖች በዚህ ፊቸር ላይ የሚመጣውን ባግ (ስህተት) በሙሉ እኔ እይዛለሁ» ብለህ ጻፍና እዚያው አድርገው።

እኔ ግን ሁለተኛው ይመስለኛል። ምክንያቱም ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳየው እናንተ የተጣላችሁት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጋችሁ ነው። «የጻፍኩት እንዳይጠፋብኝ» አንድ ነገር ነው፣ «ፋይሌ ላይ ይጻፍ» ሌላ ነገር። ቪም የሚባለው የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ይህን ከጥንት ለይቶታል። ከዋናው ፋይል አጠገብ ሌላ መጠባበቂያ ፋይል ይከፍትና 200 ፊደል በጻፍክ ቁጥር ወይም እጅህን ለ4 ሴኮንድ ስታሳርፍ እዚያ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው መጻፊያ ኢማክስም እንደዚያው ነው፣ እሱ 300 ቁልፍ ድረስ ይጠብቃል። ዋናውን ፋይል ሁለቱም አይነኩም፣ አንተ ሴቭ እስክትል። መብራት ቢጠፋ ጽሑፍህ አለ፣ ድመቷ ብትራመድ ፋይልህ ደህና ነው። ያ «ሰው ሳያውቅ» እያለ የተሟገተህ ልጅ ከዚህ ላይ ምን ይላል? ምንም። አየህ፣ ጠላትህ የመሰለህ ሰው ግማሹን ንድፍ ሰጥቶህ ነበር።

«ሴቲንግ ውስጥ ይግባ» የሚለውን ሽምግልና ግን ተጠንቀቀው። ሰላም የሚያወርድ ይመስላል። ነገር ግን የሚበራና የሚጠፋ 10 ሴቲንግ ያለው ፕሮግራም 1024 ዓይነት ሆኖ ሊሠራ ይችላል፣ አንዱን ስትጨምር 2048። ይህን ሁሉ የሚፈትሽ ሰው የለም። አንዳንዴ ሴቲንግ ትክክለኛው መልስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን መወሰን ያልፈለጉ ሰዎች ጣጣውን ለተጠቃሚው የሚያስተላልፉበት ዘዴ ነው።

ፎርኩስ? መብትህ ነው፣ ፈቃዱ ይፈቅድልሃል። ሊብሬኦፊስ የሚባለው የቢሮ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ዛሬ እሱ ነው ጎልቶ የሚታየው። አዮጄኤስ ደግሞ ኖድጄኤስ ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ኮድ ማስኬጃ ተገንጥሎ በዓመቱ ገደማ ተመልሶ ተዋሃደ። ግን እነዚያ ብዙ ዋና ዋና ሠራተኞችን ይዘው ነው የወጡት። አንተ ብቻህን ነህ፣ ዋናው ፕሮጀክት የሚያወጣውን እያንዳንዱን የደኅንነት ማስተካከያ እየተከተልክ ወደ ራስህ ስታስገባ ትኖራለህ፣ ለአንድ ፊቸር ብለህ። መጀመሪያ ፕለጊን (የፈለገ ለብቻው የሚጭነው ተጨማሪ) አድርገህ ማውጣት ይቻል እንደሆነ እይ። ሰው ከተጠቀመበት ክርክሩ ራሱ ይቀልልሃል።

እና ለወደፊቱ፣ ከኮዱ በፊት አንድ ገጽ ጻፍ። ረስት የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሰዎች ትልልቅ ለውጥን የሚያዩት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሐሳቡ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ይከራከሩበታል፣ መጨረሻ ላይ «ያልተነገረ ካለ አሁን ተናገሩ» የሚባልበት የ10 ቀን ጊዜ ይሰጣል። ለአንድ ገጽ እምቢ መባል አያምም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ያለሁት ነኝ። ኮድ የማስገባት መብት ያለን ሦስት ሰዎች ነን። አንድ ፊቸር ላይ ክርክር ከተጀመረ አምስት ወር አለፈው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆኗል። ብዙ የሚጽፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሌላው ሰልችቶት ዝም ብሏል። አንዳንዶች «ድምፅ እንስጥና ይለይለት» እያሉ ነው። እንዴት ነው የምንገላገለው?
(በር ላይ ቆማ የደከማት)

መልስ፦ ድምፅ ለመስጠት መጀመሪያ መራጩ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት በስም የተመዘገቡ አባላትና የተጻፈ መተዳደሪያ ስላለው ይችላል። እሱም ቢሆን በፈረንጆቹ 2014 ሲስተምዲ በሚባለው፣ ኮምፒውተር ሲነሣ ሌላውን ሁሉ በሚያስነሣው ፕሮግራም ላይ ምን እንደሆነ እይው። መጀመሪያ የቴክኒክ ኮሚቴው እኩል ለእኩል ተከፍሎ በሰብሳቢው ድምፅ ተወሰነ። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ እንደገና አባላቱ በሙሉ ድምፅ ሰጡ፣ ያሸነፈው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አጠቃላይ ውሳኔ አያስፈልግም» የሚለው ምርጫ! (ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል።) ያም ሆኖ ያኮረፉት ወጥተው ዴቭዋን የሚባል ፎርክ መሠረቱ። አንቺ የአባላት መዝገብ ከሌለሽ ድምፁ የሚሆነው ጓደኛ ጠርቶ የመጣ ያሸንፋል ነው።

ሁሉም እስኪስማማ መጠበቅም አያዋጣም። የኢንተርኔትን ስታንዳርድ የሚያወጡት አይኢቲኤፎች ዘንድ የሚሠራበት ልማድ ይበልጥ ይማርከኛል። ተቃውሞ ሁሉ መልስ ማግኘት አለበት እንጂ ተቃዋሚው የግድ ደስ መሰኘት የለበትም። «ሐሳብህን አይተነዋል፣ በዚህ በዚህ ምክንያት አልተከተልነውም» ከተባለ በቂ ነው። ስለዚህ ያንን የአምስት ወር ክርክር አንብቢና የተነሡትን ተቃውሞዎች አውጪ። ወጉ ሲደጋገም ብዙ ይመስላል እንጂ አራት አምስት ቢሆኑ ነው። መልስ ያላገኘ ካለ እሱ ላይ ብቻ ተነጋገሩ። አፓቼ የሚባለው የኦፕን ሶርስ ድርጅት ውስጥ ኮድ ላይ «-1» ብሎ ማገድ ይቻላል፣ ግን ቴክኒካዊ ምክንያት ካልቀረበበት እገዳው አይቆጠርም። «አልወደድኩትም» አያግድም። ይህቺን ደንብ እናንተም ብትይዙ ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ከዚያ ቀን ቁረጪ፣ ወሳኙ ማን እንደሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ሲወሰን ምክንያቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ። «ምን አዲስ ነገር ቢመጣ እንደገና እናየዋለን» የሚለውንም ጨምሩበት፣ አለበለዚያ በየስድስት ወሩ አዲስ ሰው እየመጣ ከአንድ ይጀምራል። ዝም ያሉትን ደግሞ በግል ጠይቂያቸው። ሰው በአደባባይ የማይለውን ለብቻው ይላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ስለ አንቺ ስለ ራስሽ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም በፈረንጆቹ 2018 ፔፕ 572 የሚባል የለውጥ ሐሳብ ላይ፣ ያው አንድ ትንሽ የአጻጻፍ ምልክት ላይ፣ ከፍተኛ ክርክር ገጠመው። አሸነፈ፣ ሐሳቡ ጸደቀ። ከዚያ በሐምሌ ወር መሪነቱን ለቀቀ። ልብ በይ፣ የለቀቀው ያሸነፈው ሰው ነው። ምልክቱ በቀጣዩ ዓመት ፓይተን 3.8 ውስጥ ገባ፣ የእሱን ቦታ ግን አንድ ሰው አልተካውም፣ 5 ሰዎች ያሉበት የተመረጠ ምክር ቤት ተካው። ሦስት ከሆናችሁ ተራ ግቡ። አንዱን ክርክር አንቺ ከመራሽ የሚቀጥለውን ሌላው ይምራው፣ አንቺ አታንብቢው እንኳ።

ጥያቄ፦ ኮድ አልችልም፣ ተጠቃሚ ብቻ ነኝ። አንድ ነገር እንዲስተካከል ብጠይቅ «ራስህ ጻፈው» ተባልኩ። ሐሳብ የመስጠት መብት የለኝም ማለት ነው?
(ተጠቃሚ)

መልስ፦ አለህ። እነሱም ያንተ ተቀጣሪ አይደሉም፣ ስለዚህ ማዘዝ አትችልም፣ መንገር ግን ትችላለህ። «እዚህ ጋ ቁልፍ ጨምሩልኝ» አትበል። ምን ልትሠራ ፈልገህ እንደነበር፣ ምኑን እንደተጫንክ፣ የት ላይ እንደቆመብህ ጻፍ። ቁልፉን እነሱ ያስቡት፣ ምናልባት ቁልፍ የማያስፈልገው መፍትሔ ያገኙልሃል። ቀድሞ የጠየቀ ሰው ካለ እሱ ሥር ያንተን ሁኔታ ጨምር፣ «እኔም እፈልጋለሁ» የምትለውን ብቻ ከሆነ ግን ተዋት። የምትጠቀምበትን ቨርዥን ቁጥር መጻፍም አትርሳ፣ አንዳንዴ የጠየቅከው ነገር ባለፈው ወር ተሠርቶ አልቋል።