ሰዓቱን ልመን ወይስ ራሴን?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 46 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ጅማ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ተነስቼ ወደ ጅሬን እሮጣለሁ። ወንድሜ ከውጭ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ላከልኝና ሰላሜን አጣሁ። ከጓደኛዬ ጋር እያወራን ስንሮጥ 178 ይለኛል። ምንም አልደከመኝም፤ ሰዓቱ ግን ከልክ አልፈሃል እያለ ይጮሃል። ማንን ልመን? ዳገቱ ላይ አልፎ አልፎ ደረቴን ጫን ያደርገኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

መልስ፦ መጀመሪያ 178ን እንያት። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት እያበራ በቆዳዎ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ይከታተላል። ማሰሪያው ከላላ ይወናበዳል። አንዳንዴ ጭራሽ ልብን ትቶ እርምጃ ይቆጥራል! ሯጭ ደግሞ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ቢረግጥ የተለመደ ነው። ልብዎ እውነት 178 ቢመታ ኖሮ ወሬው ያን ያህል ባልደራ። የቆጠረው እግርዎን ሳይሆን አይቀርም። ለማረጋገጥ ቆም ይበሉ፣ ሁለት ጣት አንገትዎ ጎን ላይ ያድርጉ፣ 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። ማሰሪያውንም ጠበቅ ያድርጉት።

«ልክ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ የሚገኝ ነው፤ የእርስዎ 174 ይመጣል። ይህ አማካይ ነው። በዕድሜ እኩያ የሆኑ ሰዎች በ10 ምት፣ ከዚያም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ደብተር ይያዙ። ቤት ሲገቡ ሰዓቱን ሳያዩ ሩጫው ምን ያህል እንደከበደዎት ከ10 ይጻፉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ደግሞ የልብ ምትዎን ይመዝግቡ። ከቡና በፊት ነው ታዲያ፤ አቦል ከተጠጣ በኋላ የተቆጠረ አይታመንም። ያው መንገድ ለቀናት እየከበደ ከመጣ፣ የጠዋቱም ምት ከወትሮው ከፍ ካለ፣ ይረፉ። የእንቅልፍ እጦት ሊሆን ይችላል፣ የሚመጣ ትኩሳትም ሊሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ ወባም አትረሳም።

ስሜትም ቢሆን ይዋሻል። ጓደኛ ሲቀድም ድካም ይረሳል፤ ከጅሬን ሲወርዱ ደግሞ ሁሉም ጀግና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በመጨረሻ ጣል ያደረጓት አረፍተ ነገር ከ178 በላይ አሳስባኛለች። በዚህ ዕድሜ ዳገት ላይ ደረት ጫን ካደረገ፣ በተለይ ሲያርፉ የሚለቅ ከሆነ፣ የልብ ደም ሥሮች መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ይህን አይነግርዎትም። የልብ ምት የሚስል ዓይነት ቢሆንም እንኳ «ደህና ነህ» ስላለ አይተማመኑበት። እስኪመረመሩ ድረስ ሩጫውን ያቁሙ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ሄደው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሱ፣ ደም ግፊትና ስኳርም ይለኩ። ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ደረትዎ ይጀምሩ፦ መቼ ይጀምርዎታል፣ የት ላይ፣ ስንት ደቂቃ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል ወይ? ጫናው አርፈው ካልለቀቀ፣ ወይም ላብና ማቅለሽለሽ ከጨመረበት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።