ጊት ያለ ኢንተርኔት፤ በፍላሽ የሚሻገር ኮድ

ጥያቄ፦ የክፍላችን ኮምፒውተሮች በደኅንነት ምክንያት ከኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ በተለየ መረብ ላይ ናቸው። አምስት ፕሮግራመሮች ስንሆን ኮዱን የምንቀባበለው በጋራ ፎልደር ነው፤ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፎልደሮች ተከማችተውብናል። ኢንተርኔት ባለው ሌላ ክፍል የሚሠሩ ሁለት ባልደረቦችም ኮዱን ይጋሩናል። ጊት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ከሠራስ ሥራውን በሁለቱ መረቦች መካከል እንዴት እናሻግር?

መልስ፦ ይሠራል። ብዙ ሰው ጊትን ከጊትሀብ ጋር አንድ አድርጎ ስለሚያይ ጥያቄዎ የብዙዎች ነው። ጊትሀብ በጊት የተያዘ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው፤ ጊት ግን ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሊኑክስን ኮድ ለመያዝ የጻፈው፣ በኮድ ላይ የሚደረገውን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክሎን (ቅጂ) ሙሉውን ታሪክ ስለሚይዝ ኮሚት ለማድረግም (ለውጥን ለመመዝገብም) ሆነ የቆየውን ለማየት ማንንም አይጠይቅም። ለአምስት ሰው በውስጥ መረባችሁ አንድ የሊኑክስ ሰርቨር፣ ከሰርቨሩ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘው ኤስኤስኤችና የሥራ ፋይል የሌለበት፣ ታሪኩን ብቻ የያዘ «ቤር» ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ይበቃሉ። በብራውዘር መሥራት ከፈለጋችሁ ጊቲያ በአንድ ፋይል የሚጫን ቀላል ፕሮግራም ነው።

የሚያስቸግረው ማሻገሩ ነው። የሪፖዚተሪውን ፎልደር እንዳለ በፍላሽ መገልበጥ ይቀናል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱም በውስጡ ያሉት የኮንፊግ (የቅንብር) እና የሁክ (በራሳቸው የሚነሡ ትእዛዞች) ፋይሎች ጊት ሲሠራ ሌላ ትእዛዝ ሊያስነሡ ይችላሉ። ከኢንተርኔት መለየት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለ ጎጂ ፕሮግራም አሳይቷል፤ የተለዩ መረቦች ውስጥ መግባት የቻለው በፍላሽ ጭምር ነበር። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው «ጊት ባንድል» የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ኮሚቶቹንና የብራንቾቹን (የሥራ መስመሮቹን) ስም በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣል፤ ኮንፊግና ሁክ አይጨምርም።

መጀመሪያ ሙሉውን ታሪክ ያሻግሩና በላኪው ኮምፒውተር ላይ «የተላከ» ብለው ታግ (የስም ምልክት) ያድርጉ። ከዚያ በኋላ የሚጠቀለለው ከታጉ ወዲህ ያለው ብቻ ስለሆነ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል። ተቀባዩ «ጊት ባንድል ቬሪፋይ» ብሎ የሚጎድል ነገር አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከሰርቨር እንደሚያደርገው ሁሉ ከፋይሉ ፌች ያደርጋል (አዲሶቹን ኮሚቶች ይወስዳል)። ታጉን ወደፊት የሚያንቀሳቅሱት ግን ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካለ በኋላ ብቻ ይሁን። እኔ በአንድ ወቅት ፍላሹን እንደሰጠሁ ታጉን አንቀሳቀስሁ፤ ፍላሹ የቫይረስ ፍተሻ ላይ ተይዞ ቀረ፤ ቀጣዩን ባንድል የውስጡ ኮምፒውተር «መነሻው ኮሚት የለኝም» ብሎ መለሰው፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ሲጠራጠሩ አብዝተው ይጠቅልሉ፤ ቀድሞ የገባ ኮሚት ቢደገም ጉዳት የለውም።

በየርክክቡ የብራንቹን የመጨረሻ ኮሚት መለያ ቁጥር በመዝገብ ይጻፉ። መለያው ከይዘቱና ከቀዳሚው ኮሚት መለያ ስለሚሰላ፣ በሁለቱም ወገን አንድ ከሆነ ከሥሩ ያለው ታሪክ ሁሉ አንድ ነው።

ባንድል የማይሸከመውም አለ። በጊት ኤልኤፍኤስ (ትልልቅ ፋይሎችን ከታሪኩ ውጭ በሚይዘው ተጨማሪ) የተቀመጡ ፋይሎች ለብቻቸው መጓጓዝ አለባቸው፤ በፒፕ (ለፓይተን) ወይም በኤንፒኤም (ለጃቫስክሪፕት) የሚወርዱ ላይብረሪዎችም እንደዚሁ። ለፓይተን «ፒፕ ዳውንሎድ» ውጭ ሆነው ጥቅሎቹን ሰብስበው ውስጥ ከፎልደር እንዲጭኑ ያስችላል፤ የሁለቱ ኮምፒውተሮች የፓይተን ቨርዥንና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካልተመሳሰሉ ግን የወረደው ላይሠራ ይችላል።

ሰዓትም ይረሳል። የተለየ መረብ ከውጭ የሰዓት ሰርቨር ስለማያገኝ ሰዓቱ በእጅ ይሞላል፤ አንዱ ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው 9 ሰዓት ብሎ በፈረንጅ ሲሞላ በኮሚቶቹ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ ጊት ሎግ በተለመደው አሠራሩ በቀን ስለሚደረድር የሥራው ቅደም ተከተል ይምታታል። አንዱን የውስጥ ሰርቨር የሰዓት ምንጭ አድርጋችሁ ሌሎቹ ከእሱ እንዲወስዱ አድርጉ።

ከውስጥ ወደ ውጭ ሲልኩ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ባለፈው ወር ከኮዱ የተሰረዘ ፓስወርድ በታሪኩ ውስጥ እንዳለ ስለሚኖር ከባንድሉ ጋር ይወጣል። በዚህ አቅጣጫ «ጊት ፎርማት ፓች» የሚያወጣቸውን የጽሑፍ ፋይሎች እመርጣለሁ፤ ኃላፊው ከመውጣታቸው በፊት መስመር በመስመር ሊያነባቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ እኛ በተመሳሳይ ሁኔታ ሰብቨርዥን የተባለውን ሌላ የኮድ ታሪክ መያዣ ፕሮግራም እንጠቀማለን። ወደ ጊት መቀየር አለብን?

መልስ፦ ሁላችሁም በአንድ መረብ ውስጥ ከሆናችሁ አያስገድድም፤ ሰብቨርዥን በአንድ ማእከላዊ ሰርቨር የሚሠራ ስለሆነ በውስጥ መረብ ያለ ችግር ይሄዳል። ወደ ሌላ መረብ ቅጂ መላክ ብቻ ቢያስፈልግም «ኤስቪኤን አድሚን ደምፕ» ከተወሰነ ሪቪዥን (ቁጥር ከተሰጠው ለውጥ) ወዲህ ያለውን አውጥቶ ይሰጣል፣ በሌላው ወገን «ሎድ» ይደረጋል። በሁለቱም ወገን ኮድ የሚጻፍ ከሆነ ግን የሪቪዥን ቁጥሮቹ ስለሚጋጩ ወደ ጊት መሻገሩ ይሻላል።