ልብ ሳያውቅ፣ ቃል ሳይወጣ፦ ስለ ድሮው ስታር ትሬክ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ መምህር። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርከውን የድሮውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ስታር ትሬክን ይወዳል፤ ቅዳሜ ማታ ከ14 ዓመት ወንድ ልጃችንና ከ16 ዓመት ሴት ልጃችን ጋር ያየዋል። በአንዱ ክፍል ካፒቴኑ የበታቹ የሆነችን ሴት ሊደፍር ሲሞክር፣ በሌላው ደግሞ ሰዎች በአንድ ዕፅ ልባቸውን ስተው ሲዋደዱ አየን። ልጄ «ራሳቸውን አያውቁም ነበር፤ ታዲያ ምን ኃጢአት አለባቸው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ማየቱስ ይገባል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የልጅዎ ጥያቄ ትልቅ ነው። መልሱን ከሥነ ፍጥረት ትምህርት እንጀምር። የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት እንላለን። ለባዊት ስለሆነች ታውቃለች፤ ነባቢት ስለሆነች ትናገራለች። ፈቃድ የሚወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ሰው የሚደረግበትን በልቡ ካላወቀው፣ ወይም አውቆ «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት ካልቻለ ፈቃድ ሰጠ አይባልም። ያያችኋቸው ሁለት ክፍሎች አንዱ ልብ፣ ሌላው ቃል ሲሰረቅ ያሳያሉ።

የዕፁ ታሪክ በ1967 የታየው «ዚስ ሳይድ ኦቭ ፓራዳይዝ» ነው። ሌይላ የምትባለው ሴት የካፒቴኑን ምክትል ስፖክን ከዓመታት በፊት ወዳው ነበር፤ እሱ ግን ፍቅሯን አልመለሰላትም። አሁን ወደ ዕፁ አበባ ወስዳ ታቆመዋለች፤ ምን እንደሚያደርገው አስቀድማ አትነግረውም። አበባው ብናኙን ሲረጭበት መጀመሪያ በሥቃይ ይጮኻል፤ ቀጥሎ «እወድሻለሁ» ይላታል። ታሪኩ ይህን እንደ ጣፋጭ ፍቅር ያሳየናል። ነገር ግን ያ «እወድሻለሁ» ከስፖክ ልብ አልወጣም። በዘፍጥረት 19 የሎጥ ልጆች አባታቸውን ወይን ሲያጠጡት መጽሐፍ ሁለት ጊዜ «አላወቀም» ይላል፤ ምክሩና ሥራው የእነርሱ ነበር። ስለዚህ ስፖክን በተመለከተ ልጅዎ እውነት አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተው ይንገሩት። የሰከረ ወይም ዕፅ የወሰደ ሰው «እሺ» ቢል ፈቃድ አይደለም፤ የሚቀርበው ሰው መተው አለበት። ራሱ ፈልጎ ጠጥቶ ሌላውን የደፈረ ሰው ግን «ሰክሬ ነው» ቢል አያመልጥም፤ ልቡን በገዛ እጁ አፍስሷልና። ይህ ለ16 ዓመቷ ልጅዎም የነገ ጉዳይ ነው፤ ግብዣ ላይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ከሄደች ተመልሳ ከእሱ አትጠጣ።

የካፒቴኑ ግን ሌላ ነው። «ዚ ኢነሚ ዊዚን» በ1966 የታየ ነው። ሰውን ከቦታ ቦታ የሚያስተላልፈው መሣሪያ ተበላሽቶ ካፒቴን ኪርክን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ደግ ግን ልል፣ ሌላው ጨካኝ። ጨካኙ ረዳቱን ጃኒስ ራንድን በክፍሏ ጠብቆ ይይዛታል። ትታገላለች፤ ፊቱን ትቧጭራለች። ይህ ኪርክ እንደ ስፖክ አእምሮውን አልሳተም። ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ማዕረጉን ያውቃል፤ በማዕረጉም ይጠቀማል። የጎደለው ልጓም ነው። «ያ ሌላኛው እኔ ነው» ማለት የእኛ ሰው «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» እንደሚለው ያለ ማምለጫ ነው፤ አዳምም «ከእኔ ጋር የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ሞክሮታል።

በዚህ ክፍል ከሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ በሕክምና ክፍል የሚታየው ነው። ጃኒስ እያለቀሰች ስትናገር ደጉ ኪርክ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ካፒቴን ስለሆነ ምን ማድረግ እንዳለባት እንዳላወቀች ትናገራለች፤ ችግር ውስጥ ልትከተው ስለማትፈልግ ባልተናገረችም ነበር። ቃሏን የነጠቃት ይህ ነው። ቪዲዮውን እዚህ ላይ አቁሙና 2ኛ ሳሙኤል 13ን አንብቡላቸው። ትዕማር አምኖንን «አይሆንም» ብላዋለች፤ አላዳናትም። ኋላም አቤሴሎም «ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው» አላት። ካፒቴን ነው፣ ወንድምሽ ነው፣ አጎትሽ ነው፣ የደብሩ አገልጋይ ነው፤ ዝም የሚያሰኘው ቃል ሁልጊዜ ከዚህ አይርቅም።

በመጨረሻው ደቂቃ ስፖክ ራሱ ጃኒስን ክፉውን ኪርክ ማለቱ ሆኖ «አስመሳዩ አንዳንድ ደስ የሚሉ ጠባዮች ነበሩት አይደል?» በሚል ስሜት በፈገግታ ይናገራታል። እዚህም አቁሙ። ጃኒስን ሆና የተጫወተችው ግሬስ ሊ ዊትኒ በሕይወት ታሪኳ ይህን ንግግር ጨካኝ ብላ ነቅፋዋለች። እኔም ከመድፈሩ ሙከራ ይልቅ ልጆችን የምትጎዳው ይህች አረፍተ ነገር ናት እላለሁ፤ ክፉው ኪርክ ክፉ መሆኑን ሁሉ ያያል፤ ይህ ግን ከደጉ ሰው አፍ የወጣ ቀልድ ነው።

ባለቤትዎ ምናልባት በ1968 የታየውን «ፕላቶስ ስቴፕችልድረን» ታሪካዊ ነው ብሎ ያሳያቸው ይሆናል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ከተሳሳሙባቸው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለውን የቨርጂኒያን ሕግ ከሻረ ገና አንድ ዓመት ተኩል አልሞላውም ነበር። ምስጋናው ይገባዋል። በታሪኩ ውስጥ ግን ነጩ ኪርክና ጥቁሯ መኮንን ኡሁራ የሚሳሳሙት በሐሳብ ኃይል ሰውን እንደ አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅሱ ገዦች ለመዝናኛቸው ስላስገደዷቸው ነው። ልብም ቃልም አላቸው፤ የተነጠቁት አካላቸውን ነው። ሁለቱንም ንገሯቸው።

ስለ ጋብቻ ከተነሣ ርብቃን አስታውሱ፤ «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» ተብላ ተጠይቃለች፤ «እሄዳለሁ» ብላለች (ዘፍ. 24፥58)። ፍትሐ ነገሥትም የተጋቢዎቹን ፈቃድ ይፈልጋል። በተክሊል ብትጋቡም ይህ በእናንተም መኝታ ይሠራል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥4 የባልን ሥጋ ለሚስት፣ የሚስትን ለባል ያደርጋል እንጂ ለአንዱ ብቻ ሥልጣን አይሰጥም። በፈቃድ የተደረገ ሁሉ ግን ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ዝሙት በስምምነትም ዝሙት ነው።

ማየቱን አልከለክልም፤ አንድ ክፍል 50 ደቂቃ ያህል ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ እዩት። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ግን «ዚ ኢነሚ ዊዚን»ን ባያይ ይሻላል።

ስታዩ ልጅዎ ድንገት ዝም ካለች ወይም ተነሥታ ከወጣች ብቻዋን ተከትለው ይጠይቋት፤ በሌላው ፊት አይሁን። የደረሰባት ነገር ካለ ጉዳዩ በሽምግልና አይያዝ። ዘዳግም 22፥26 «በብላቴናይቱ ላይ ምንም አታድርግ» ይላል፤ የምትቀበለው ቀኖና የለም፤ ንስሐ አባቷ ሊያጽናኗት እንጂ ሊቀጧት አይጠሩም። አደጋው የቅርብ ከሆነ ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትለውጥ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ለውጣ ከሆነም ልብሱን ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት ያዙት። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እስከ እሑድ ቅዳሴ አትቆዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።