የይሁዳና የእስራኤል ነገሥታት ዓመት ሲደመር ለምን አይገጥምም?

የጠያቂያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከሰሎሞን ሞት በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ከተከፈለበት ጊዜ አንሥቶ የእስራኤል ዋና ከተማ ሰማርያ በአሦር እጅ እስከወደቀችበት ድረስ ያሉትን የግዛት ዘመናት ሲደምሩ ይሁዳ 260 ዓመት፣ እስራኤል ግን 241 ዓመት ከ7 ወር መጣ። መነሻውም መድረሻውም አንድ ሆኖ 18 ዓመት ገደማ የት ገባ?

ድምርዎ ልክ ነው። የማያስኬደው መደመሩ ራሱ ነው። እንዲያውም ሁለቱም ቁጥር ይበዛል፤ መንግሥቱ የተከፈለው በ931 ቅ.ል.ክ. አካባቢ፣ ሰማርያ የወደቀችው በ722 ስለሆነ በመካከሉ ያለው 209 ዓመት ግድም ብቻ ነው። መጽሐፈ ነገሥት የሚደመር ዝርዝር አልሰጠንም። የሰጠን «እገሌ በእገሌ በዚህኛው ዓመት ነገሠ» የሚል ማያያዣ ነው፤ ሥራው የሚሠራው በእሱ ነው። (ሳሙኤልን ከነገሥት ጋር የሚቆጥር መጽሐፍ ከያዙ የኔ 1ኛ ነገሥት የእርስዎ 3ኛ ነው። ዘንበሪ የምለውን የእስራኤል ንጉሥም በአንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች ዖምሪ ብለው ያገኙታል።)

ዓመት የሚበዛበት የመጀመሪያው ምክንያት የአቆጣጠር ልማድ ነው። እኛ ስለ ልጅ ዕድሜ «ሰባት ሞልቶት ስምንት ይዟል» እንላለን። የእስራኤል ጸሐፊዎች መጀመሪያ ላይ የሚቆጥሩት የተያዘውን ነው፤ ንጉሡ ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ቢነግሥ ያቺ ወር «1ኛ ዓመት» ትባላለች። ያው ዓመት ለሟቹም ተቆጥሮለታል። ስለዚህ በየርክክቡ አንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ይገባል። ይሁዳ ግን በዚያን ጊዜ የሚቆጥረው የሞላውን ነበር። 1ኛ ነገሥት 14፥21 ሮብዓም 17 ዓመት ነገሠ ካለ በኋላ፣ 15፥1 ልጁ አብያም የነገሠው በእስራኤሉ ንጉሥ በኢዮርብዓም 18ኛ ዓመት ነው ይላል። ሮብዓምና ኢዮርብዓም በአንድ ሰሞን ነግሠው አንዱ 17 ሞላው፣ ሌላው 18 ያዘ። የይሁዳው አካዝያስም በ2ኛ ነገሥት 8፥25 በእስራኤሉ በኢዮራም 12ኛ ዓመት፣ በ9፥29 ደግሞ በ11ኛው ነገሠ መባሉ እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ጋ ተይዟል፣ አንዱ ጋ ሞልቷል።

ይህን በእጅ ለመፈተሽ ከይሁዳው አሳ የተሻለ ሰው የለም፤ 41 ዓመት ነግሦ የእስራኤልን ሰባት ነገሥታት አይቷል። ባኦስ በአሳ 3ኛ ዓመት ነግሦ 24 ዓመት ገዛ። 3 ላይ 24 ሲጨምሩ 27 ይሆናል፤ ልጁ ኤላ ግን የነገሠው በ26ኛው ነው (1ኛ ነገ. 16፥8)። ከ3 እስከ 26 ሁለቱንም ጫፍ ይዘው በጣት ይቁጠሩ፣ 24 ይመጣል። ኤላ ከ26ኛው እስከ 27ኛው፣ «2 ዓመት»። ዘምሪ 7 ቀን። ዘንበሪ ጋ ሲደርሱ ይጠንቀቁ፦ 16፥23 በአሳ 31ኛ ዓመት ነግሦ 12 ዓመት ገዛ ይላል፣ አክዓብ ግን የተተካው በ38ኛው ነው። 12ቱ የሚሞላው ዘምሪ ከሞተበት ከ27ኛው ሲቆጠር ነው። በመካከሉ ሕዝቡ ተከፍሎ እኩሌታው ታምኒን ተከትሎ ነበርና 31ኛው ዘንበሪ ብቻውን የቀረበት ዓመት ነው።

አሁን በእስራኤል የነገሠው ኢዩ የእስራኤሉን ኢዮራምንና የይሁዳውን አካዝያስን በአንድ ቀን እስከመታበት ድረስ ያለውን እንይ። እስራኤል 98፣ ይሁዳ 95። ከ98 ላይ ለስምንቱ ነገሥታት አንዳንድ ዓመት ይቀንሱ (የዘምሪን 7 ቀን ይተዉት)፣ 90 ይቀራል። የአሦር ጽሑፎች ይህን ያጸኑታል። የአሦር ንጉሥ 3ኛው ሰልምናሶር አክዓብን በ853 በቀርቀር ጦርነት 2,000 ሠረገላና 10,000 እግረኛ አሰልፎ እንደነበር ይጽፋል፤ ከኢዩ ደግሞ በ841 ግብር ተቀብሏል። በመካከላቸው የነገሡት የእስራኤሉ አካዝያስ (ከይሁዳው የተለየ ነው) 2፣ ኢዮራም 12፣ ድምር 14፤ አንዳንድ ሲቀነስ 12። ከ853 እስከ 841ም 12 ነው። 841 ላይ 90 ሲጨመር 931።

ትልቁ ጣጣ ከኢዩ በኋላ ነው። ይሁዳ 165፣ እስራኤል 143 ከ7 ወር፤ እውነተኛው ርቀት ግን 119 ዓመት ያህል ነው። ይህን አንዳንድ ዓመት በመቀነስ አይወጡትም። እዚህ አባትና ልጅ አብረው ነግሠዋል፣ ዓመቱም ለሁለቱም ተቆጥሯል። ግልጹ ምሳሌ ዓዛርያስ (ዖዝያን) ነው፤ ለምጽ ስለያዘው በተለየ ቤት ተቀምጦ ልጁ ኢዮአታም በአገሩ ሕዝብ ላይ ይፈርድ ነበር (2ኛ ነገ. 15፥5)። የ2ኛው ኢዮርብዓም ግን ፈልቅቀው የሚያገኙት ነው። በአሜስያስ 15ኛ ዓመት ነገሠ (14፥23)፤ አሜስያስ 29 ዓመት ገዛ። ስለዚህ አሜስያስ ሲሞት ኢዮርብዓም 15ኛ ዓመቱ ላይ መሆን አለበት። 15፥1 ግን ዓዛርያስ የነገሠው በኢዮርብዓም 27ኛ ዓመት ነው ይላል። የ12 ዓመት ልዩነት! ብዙ የዘመን ቆጠራ ሊቃውንት ኢዮርብዓም ከአባቱ ጋር 12 ዓመት ያህል አብሮ እንደነገሠ የሚይዙት ለዚህ ነው፤ 41 ዓመቱም የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የእስራኤሉ ንጉሥ የፋቁሔ 20 ዓመትም እንዲሁ አይገባም፤ ምናሔም ለአሦር ከገበረበት ከ738 ሆሴዕ እስከነገሠበት እስከ 732 ገደማ ያለው 6 ዓመት ነው፣ ከዚያም ላይ ፋቂስያስ 2 ይወስዳል። ተቀናቃኝ ሆኖ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ተቆጥሮለት ይሆናል፤ እንደ ዘንበሪ።

እንግዲህ አሠራሩ፦ ከ931 እስከ 722 ለየዓመቱ አንድ መስመር ያስምሩ፣ ይሁዳን በግራ፣ እስራኤልን በቀኝ፣ አሦርን በሦስተኛ አምድ። መጀመሪያ 853፣ 841 እና 722ን በእስክርቢቶ፣ ሌላውን ሁሉ በእርሳስ። ከአሳ ይጀምሩ። የአንድ ዓመት ፈቀቅታ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ይሁዳ ዓመቱን ከእኛ መስከረም ጋር በሚቀራረበው በቲሽሪ፣ እስራኤል በጸደይ በኒሳን ይጀምሩ ነበር የሚለው አስተያየት ብዙውን ያስታርቃል። ለትውልዱ አከርካሪ 1ኛ ዜና መዋዕል 3ን ይያዙ እንጂ ማቴዎስ 1ን አይያዙ፤ ማቴዎስ ከይሁዳው ኢዮራም ወደ ዖዝያን ሲያልፍ አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን ዘልሏል።

የመገልበጥ ስህተትም አለ። በዕብራይስጡ 2ኛ ዜና መዋዕል 22፥2 የይሁዳው አካዝያስ ሲነግሥ 42 ዓመቱ ነው፤ አባቱ ግን የሞተው በ40 ነው። 2ኛ ነገሥት 8፥26 ያለውን 22 ይውሰዱ።

የይሁዳውን ንጉሥ ሕዝቅያስን በመጨረሻ ያቆዩት። ሰማርያ በ6ኛ ዓመቱ ወደቀች (2ኛ ነገ. 18፥10)፣ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በ14ኛው መጣ (18፥13)፤ ልዩነቱ 8። በአሦር ግን 722 እና 701፣ 21 ዓመት ነው። 6ኛው ከአባቱ ከአካዝ ጋር ከነገሠበት፣ 14ኛው ብቻውን ከነገሠበት ተቆጠረ ቢባል ይገጥማል፤ እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ነገር ግን ለኢዮአታም እንዳለው ያለ ግልጽ ቃል ለሕዝቅያስ የለም፤ ስለዚህ ይህቺን መስመር በእስክርቢቶ አይጻፏት።