የድሮ ቶርኖ ፍሪሲዮንና ዘይቱ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገን። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ ቆሜ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ስለ ፍሪሲዮን ጠይቁኝ፤ የሞተሩን ዙር ከቻኩ፣ ማለት ብረቱን ነክሶ ከሚዞረው ራስ፣ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው እሱ ነው። የማወራው ስለ ሩስያዎቹ ቶርኖዎች፣ 1ኬ62 እና 16ኬ20 ነው። ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት መብራቱን ከዋናው አጥፉ። የማሽኑን ማጥፊያ አላልኩም፣ ዋናውን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 16ኬ20 ላይ ጠለቅ አድርጌ ስቆርጥ ቻኩ ይቆማል፣ ሞተሩ ግን ይዞራል። ቺንጋ ነው ፍሪሲዮን?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ቺንጋ ከላላ ይጮኻል፣ ጎማ ጎማም ይሸታል። እሱ ደህና ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ካምቢዮው (የማሽኑ ማርሽ ሳጥን) ውስጥ ሁለት የዲስክ ስብስብ አለ፤ አንዱ ወደ ፊት ለማዞር፣ አንዱ ወደ ኋላ። የፊቱ ዲስኩ ይበዛል፣ ሸክሙ እሱ ላይ ነዋ። ዋናውን አጥፋና ክዳኑን ክፈት። ዲስኮቹን የሚያጠብቀው ዳዶ ላይ በስፕሪንግ የቆመች ትንሽ መያዣ አለች። በካቻቢቴ ተጫናትና ዳዶውን አንድ ጥርስ ብቻ አዙር። መያዣዋ ቀጣዩ ቦታ ላይ ጠቅ ብላ ካልገባች እንዳትዘጋ። ሞክረው። ካልበቃ ሌላ አንድ ጥርስ። ሦስት አራቱን ባንዴ ካጠበቅከው ቻኩን የምታስነሳበትና የምታቆምበት ማንሻ ይከብድሃል፤ ዜሮ ላይ ስታደርገውም ዲስኮቹ አይላቀቁም። ሲፋተጉ ውለው ይቃጠላሉ።

ጥያቄ፦ ማሽኔ ይጮኻል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ማሽን? የቱ ጋ? በስንት ዙር? እሱን ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ካምቢዮው ውስጥ ምን ዘይት ይግባ?

መልስ፦ ሃይድሮሊክ 32። የሩስያው መጽሐፍ ኢ-20አ ይላል። 20 የሚለው አያደናግራችሁ፤ በ40 ዲግሪ ሲለካ ውፍረቱ ከዛሬው 32 ጋር አንድ ነው። ካምቢዮ ስለተባለ የመኪና ካምቢዮ 90 የሚጨምር አለ። ወፍራም ዘይት ዲስኮቹን ያጣብቃቸዋል። አንድ ቤት ስሠራ 90 ሞሉበት። የኅዳር ጠዋት ነው፣ የአዲስ አበባን ብርድ ታውቁታላችሁ። ማንሻው ዜሮ ላይ ሆኖ ቻኩ ይዞራል። ልጁ ቆመ ብሎ ሊለካ ሲል እጅጌውን ያዘው። ጨርቁ ተቀደደና ተረፈ።

አንድ አባል፦ እኔ 15 ዓመት የሞተር ዘይት ነው የማደርገው። ምንም አልሆነም።

ሌላ አባል፦ ያንተን ቻክማ በእጅ ነው የምታቆመው፣ አይቼሃለሁ!

አንድ አባል፦ ሩስያ ነው ወንድሜ፣ ምን ብትሰጠው ይበላል። እንደ ቻይናው አይደለም።

ሌላ አባል፦ የኔ ቻይና ከፒያሳ ስንነሳ በክሬን ተጭኖ መጥቶ እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ የፒያሳን ጣጣ ሌላ ቀን። የሞተር ዘይት የተሠራው ቆሻሻውን ይዞ እንዲዞር ነው። ለመኪና ጥሩ ነው፣ ፊልትሮው ይቀበለዋል። እዚህ ግን የብረት ብናኙ እንዲረጋ ነው የምንፈልገው። 15 ዓመት የሠራው ሩስያው ታግሶህ ነው።

ጥያቄ፦ ዘይቱ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ 16ኬ20 ከሆነ ካምቢዮው ላይ ትንሽ መስታወት አለች። ሞተሩ እንደተነሳ ውስጧ ያለችው ዲስክ መዞር አለባት። ካልዞረች ፓምፑ ዘይት እያደረሰ አይደለም፤ ወዲያው አጥፋ። ብዙ ጊዜ ፊልትሮው ተደፍኖ ነው። አውጥተህ በነጭ ጋዝ እጠበው። በቤንዚን አይደለም። እኔ በየወሩ ነው የማጥበው። መስታወቷን ቀለም የቀባችሁባት አላችሁ። ፋቁት።

ጥያቄ፦ ዳዶውን ባላላውም ቻኩ ቶሎ አይቆምም።

መልስ፦ ፍሬኑን እይ። ሸራው አልቆ ወይም ላልቶ ይሆናል። ዋናውን አጥፍተህ።

ጥያቄ፦ አዲስ ዲስክ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ነጋዴ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሞተር ዘይት 40 ግን ይሆናል አይደል?

መልስ፦ ኧረ ወደ ላይ አንብቡ!

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ በጀሪካን የሚቀዳው ሃይድሮሊክስ?

መልስ፦ የታሸገውን ግዛ። ላዩ ላይ 32 የሚለውን ካላየህ አትክፈል።