ሐኪሜን «በየቀኑ እወስዳለሁ» ብያቸዋለሁ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 56 ነው። የደም ግፊት እንዳለብኝ የታወቀው ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት በሄድኩበት ጊዜ ሲሆን፣ ተደጋግሞ ሲለካ 168 በ102 ሆኖ በመገኘቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ 10 ሚሊ ግራም ኢናላፕሪል ታዘዘልኝ። ሁለት ወር ያህል አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ፤ ግፊቴም ወደ 132 በ84 ወረደ። ደስ አለኝ፣ ዳንኩ ብዬም አመንኩ። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር፣ ሌሊት እየባሰ እንቅልፍ የሚነሳ ደረቅ ሳል ያዘኝ፤ ሽሮፕ ብጠጣም አልተወኝም። ሳሉ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል ብዬ የጠረጠርኩት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን የምውጠው ራሴን ሲያመኝ ወይም አንገቴን ጨምድዶ ሲይዘኝ ብቻ፣ ይኸውም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሆነ።

ባለፈው ወር ለቀጠሮዬ ስሄድ ግፊቴ 164 በ98 ነበር። ሐኪሜ «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ «አዎን፣ በየቀኑ እወስዳለሁ» አልኳቸው። እርሳቸውም ቃሌን አምነው ኢናላፕሪሉን ወደ 20 ሚሊ ግራም ከፍ አደረጉት፤ 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒንም ጨመሩበት። መድኃኒቶቹ እስካሁን ሳይከፈቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልውጣቸው ስል እፈራለሁ፤ ልተዋቸው ስል ደግሞ እናቴን በስትሮክ ያጣሁበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ወንድሜም ግፊት ስላለበት አቴኖሎል ይወስዳል፤ «የግፊት መድኃኒት አንዴ ከጀመሩት አይለቅም፣ በቻልሽው መጠን አዘግዪው» ይለኛል። ጉልበቴን ስለሚያመኝ በራሴ ገዝቼ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፤ ይህንንም ለሐኪሜ አልነገርኳቸውም። ለመሆኑ መድኃኒቶቹን ሁሉ ከነገ ጀምሬ ልውሰድ? ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ? አንድ ቀን ብረሳስ በማግስቱ የሁለቱን ቀን በአንድ ላይ ልዋጥ?

ስሜ እንዳይጠቀስ የምለምን አንባቢያችሁ

መልስ

የተከበሩ እህታችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት፣ በመሳቢያው ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ ነገ ጠዋት በአንድ ጊዜ እንዳይጀምሯቸው ነው። ሐኪምዎ መጠኑን ያሳደጉትና ሁለተኛ መድኃኒት የጨመሩት፣ 10 ሚሊ ግራሙ በየቀኑ እየተወሰደም ግፊቱን ማውረድ አቅቶታል ብለው ነው፤ ነገር ግን ያ መጠን በትክክል በተወሰደባቸው ሁለት ወራት ግፊትዎን ወደ 132 በ84 አውርዶት ነበር። እጥፍ የሆነውን ኢናላፕሪል ከአምሎዲፒን ጋር በድንገት ቢጀምሩት ግፊትዎ ከሚፈለገው በታች ወርዶ ከተቀመጡበት ሲነሱ ሊያዞርዎ፣ ሊጥልዎም ይችላል። እንዲህ ስል ግን መድኃኒቱ በመሳቢያ ይቆይ ማለቴ አይደለም፤ 164 በ98 የሆነ ግፊት ምንም ሳያሳምም ልብን የሚያደክም፣ የአንጎልንና የኩላሊትን የደም ሥሮች የሚጎዳ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ቢቻል ዛሬ ደውለው፣ ካልሆነም በዚህ ሳምንት ውስጥ ሄደው ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ የትኛውን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚጀምሩ እርሳቸው ይወስኑልዎ።

«ሳሉ ስላስቸገረኝ መድኃኒቱን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነበር የምወስደው፤ ያን ቀን ልነግርዎ አፍሬ ነው» ቢሏቸው ይበቃል። ይህን ቃል ብዙ ሕመምተኞች ለሐኪሞቻቸው ተናግረውታል፤ ሳይናገሩት የቀሩት ደግሞ ከእነርሱ ይበዛሉ ብዬ እገምታለሁ። በእኔ እምነት የጥያቄውም አቀራረብ ድርሻ አለው፤ «ይወስዳሉ?» ከመባል ይልቅ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» ተብለው ተጠይቀው ቢሆን እውነቱን መናገር ይቀልልዎ ነበር።

ስለ ሳሉ የጠረጠሩት ነገር በጣም የሚያስኬድ ነው። ኢናላፕሪል የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዳይመረት የሚከለክለው አንድን ኢንዛይም በማገድ ነው፤ ያው ኢንዛይም ግን ብራዲካይኒን የተባለውንም ንጥረ ነገር የሚያፈራርስ በመሆኑ፣ ሲታገድ ብራዲካይኒኑ በመተንፈሻ አካል ውስጥ ይጠራቀምና ሳሉን ይቀሰቅሳል። የሳል ሽሮፕ ያልረዳዎትም በዚህ ምክንያት ነው። ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተቋረጠ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ከዚያም ይቆያል፤ እርስዎ በየጥቂት ቀኑ ስለሚውጡት ከሳሉም አልተላቀቁ፣ ከግፊቱም አልዳኑ። እንደ ሎሳርታን ያሉ መድኃኒቶች ተቀራራቢ ሥራ በሌላ መንገድ የሚሠሩ ሆነው ሳልን የሚያስከትሉት እምብዛም ስላልሆነ፣ ሐኪምዎ ሳሉን ቢያውቁ ኖሮ መጠኑን ከማሳደግ ይልቅ መድኃኒቱን ይቀይሩልዎ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከሳሉ ለይተው ሊያዩት የሚገባ ሌላ ምልክት አለ፤ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ያ ለነገ የማይባል ድንገተኛ አደጋ ስለሆነ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድና ያንን መድኃኒት ዳግመኛ አለመውሰድ ያስፈልጋል።

ራስዎን ሲያምዎት ብቻ መዋጥዎ በጣም አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ግፊት በአብዛኛው በስሜት አይታወቅም። ራስ ምታትና የአንገት መጨምደድ ግፊቱ ደህና በሆነ ቀን ሊመጡ፣ 164 በሆነ ቀን ደግሞ ጭራሽ ላይኖሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ 132 በ84 የሆነውም ግፊቱ ስለለቀቀዎት ሳይሆን ክኒኑ በየቀኑ ስለያዘው ነው። የወንድምዎ ንግግርም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግፊቱ የሚመለሰው በሽታው ስላልሄደ ነው እንጂ ሰውነት ለክኒኑ ሱሰኛ ስለሆነ አይደለም። ክብደት በመቀነስና ጨው በመተው መጠኑ የሚቀነስላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህም የሚሆነው እየተለካ በሐኪም ውሳኔ ነው። ለወንድምዎ ግን አንድ ነገር አደራ ይንገሩልኝ፦ አቴኖሎል በድንገት ከተቋረጠ የልብ ምትን ሊያፋጥን፣ ግፊትን ሊያንር፣ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይም የደረት ውጋት ወይም ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ሊያስነሳ ይችላልና፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይተወው። እርስዎም የእርሱን አይዋሱ፤ አስም ላለበት ሰው ለምሳሌ አቴኖሎል አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ዳይክሎፌናኩን ሳይደብቁ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ምናልባት የ164ቱ አንዱ ምክንያት እርሱ ሊሆን ይችላልና። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲቀር በማድረግ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የኢናላፕሪልንም ኃይል ያዳክማሉ፤ ከእርሱ ጋር አብረው ሲወሰዱ፣ በተለይ የሚያሸና መድኃኒት ሲጨመርባቸው፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል በተመጠነ መልኩ ይስማማዎት እንደሆነ ሐኪምዎን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ግፊት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ሲገዙ «ግፊት አለብኝ» ማለትን አይርሱ። በጨው ምትክ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ስላለበትና ኢናላፕሪልም ሆነ ሎሳርታን ፖታሲየም በደም ውስጥ እንዲጠራቀም ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ እነርሱን ለሚወስድ ሰው ሳይጠየቅበት አይሆንም። እነዚህ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ወይም መጠናቸው ሲጨመር ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራ የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ሳይታዘዝልዎ ከቀረ ራስዎ ይጠይቁ። ብርቱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት ደግሞ መውሰዱን ከመቀጠልዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ሰውነት ውኃ ባጣበት ሰዓት ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳል።

ጠዋት ወይስ ማታ ላሉት፣ በብሪታንያ ከ21 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የግፊት መድኃኒትን ጠዋት በወሰዱትና ማታ በወሰዱት መካከል በልብ ሕመም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ የማይረሱትን ሰዓት ይምረጡ። ከረሱና በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተዉት፤ የሁለት ቀኑን በአንድ ላይ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም። አምሎዲፒኑን እንዲጀምሩ ከተወሰነ ደግሞ ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው አይተዉት፤ ቁርጭምጭሚትዎ ቢያብጥ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነውና ይንገሩ እንጂ በዝምታ አያቋርጡ።

የግፊት መለኪያ ካለዎት፣ ሐኪምዎን ከማግኘትዎ በፊት ባሉት ቀናት ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ከመለካትዎ በፊት ፊኛዎን ባዶ አድርገው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል አሳርፈው፣ ሳያወሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነትም ሁለት ጊዜ ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ። 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መንተባተብ ወይም የዓይን መጋረድ ካለበት ቀጠሮ ሳይሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መድኃኒቱን መውሰድ ሲጀምሩ ከቁጥሮቹ አጠገብ የዋጡበትን ቀን ምልክት ያድርጉ፣ ያልዋጡበትን ባዶ ይተዉ፤ ወደ ሐኪምዎ ሲሄዱም ዳይክሎፌናኩን ጨምረው መድኃኒቶቹን ሁሉ ከእነማሸጊያቸው፣ ያንንም ወረቀት ባዶ ቦታዎቹን ሳይሞሉ ይዘውላቸው ይሂዱ።

የአምዱ አዘጋጅ